ፈረሱ አያክምም፦ በፈረስ ስለሚታገዝ የሥነ ልቦና ሕክምና የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን ዋላችሁ! የእሑድ ከሰዓታችሁን ሰውታችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት እለፉ፤ እዚህ ጋ ወንበር አለ።

የዛሬው ርዕሳችን በፈረስ የሚታገዝ ሳይኮቴራፒ ነው። «ፈረስና የልብ ስብራት ምን አገናኛቸው?» የሚል ጥያቄ ይዛችሁ የመጣችሁ ብዙ እንደምትሆኑ አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኛ ፈረስን በጉግስ፣ በጥምቀት፣ በጋሪ ነው የምናውቀው። ነገሥታቱን አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው ብለን በፈረስ ስማቸው የምንጠራ ሰዎች ነን። እንጅባራ ላይ በየዓመቱ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች ሲወጡ አገር ይናወጣል። በትልልቅ ሰዎች ለቅሶ የሟቹ ፈረስ በጌጡ ተሸልሞ በሐዘንተኛው መካከል ሲመራ ያየም እዚህ አይጠፋም። ስለዚህ ፈረስ ከስሜታችን ጋር ቀድሞም ዝምድና አለው። ሕክምና ሲባል ግን ሌላ ነገር ነው፤ ልዩነቱን በደንብ መያዝ አለብን።

ሦስት ነገር እናያለን። አንደኛ፣ ሕክምናው ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ። ሁለተኛ፣ ሜዳው ላይ በትክክል ምን እንደሚሠራ። ሦስተኛ፣ ለማን እንደሚሆን፣ ለማን እንደማይሆን። ሁለተኛው ላይ ብዙ እንቆያለን፤ ሰው ገንዘቡንም ተስፋውንም የሚያጣው እሱን ባለማወቅ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ልበል፣ ደጋግሜም እለዋለሁ፦ ፈረሱ አያክምም። ፈረሱ ምላሽ ይሰጣል። ያን ምላሽ ወደ ሕክምና የሚለውጡት ሰዎች ናቸው።

ወደ አንደኛው ነጥብ ልግባ። በአንድ ስም የሚጠሩ፣ ነገር ግን የተለያዩ ሦስት ሥራዎች አሉ። የመጀመሪያው ለአካል ጉዳተኞች የሚሰጥ የግልቢያ ትምህርት ነው። ለዚህ ሥራ መታወቅ ትልቁን ድርሻ ያበረከተችው ዴንማርካዊቷ ሊስ ሃርቴል ናት። እ.ኤ.አ. በ1944 ፖሊዮ ይዟት ከጉልበቷ በታች ሽባ ሆነች። ፈረስ ላይ የሚያወጣትና የሚያወርዳት ሰው እያስፈለጋት፣ በ1952 የሄልሲንኪ ኦሎምፒክ የብር ሜዳሊያ አገኘች። ከዚያ በኋላ በየአገሩ ማኅበራት ተቋቋሙ፤ የሰሜን አሜሪካው በ1969 ነው የተመሠረተው። ሁለተኛው የአካል ሕክምና ነው። ፊዚዮቴራፒስቱ ልጁን ፈረስ ላይ አስቀምጦ የፈረሱን እርምጃ ለጀርባው፣ ለዳሌው፣ ለሚዛኑ ይጠቀምበታል። ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ላለባቸው ልጆች የሚታዘዘው ይህ ነው።

ሦስተኛው የእኛ ርዕስ ነው። እዚህ የሚታከመው ጭንቀት፣ ድባቴ፣ ሐዘን፣ ከጦርነት ወይም ከጥቃት የተረፈ የስሜት ቁስል ነው። በሰፊው ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ ዩታ የተመሠረተው ኢጋላ የተባለ ማኅበር ያዘጋጀው ነው። የኢጋላ አሠራር ሁለት የማይታለፉ ሕጎች አሉት። አንደኛ፣ ግልቢያ የለም፤ ታካሚው መሬት ላይ ነው የሚሠራው፣ ኮርቻም የለም። ሁለተኛ፣ ሜዳው ላይ ሁልጊዜ ሁለት ባለሙያ ይኖራል፦ ፈቃድ ያለው የአእምሮ ጤና ባለሙያና የፈረስ ባለሙያ።

ለምን ሁለት? አንድ ሰው ሁለቱንም ሙያ ቢያውቅስ? ቢያውቅም አይበቃም። የታካሚው ፊት ሲለወጥ የሚያይ ዓይን የፈረሱን ጆሮ ማየት አይችልም። የፈረሱን ጀርባ የሚጠብቅ ሰው ታካሚው ድምፁ ተቆርጦ ዝም ሲል ላይሰማ ይችላል። 450 ኪሎ የሚመዝን እንስሳና የቆሰለ ሰው ባሉበት ሜዳ፣ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ እጠብቃለሁ የሚል ሰው አንዱን ጥሏል። ወጪ ለመቀነስ ብለው በአንድ ሰው የሚሠሩ ቦታዎች አሉ፤ እኔ ማንንም ወደዚያ አልልክም።

አሁን ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ዋናው እንምጣ። ፈረስ ለምን? ውሻ፣ ድመት እያለ ፈረስ ለምን ተመረጠ?

ፈረስ ታዳኝ እንስሳ ነው። ሕይወቱን የሚያተርፈው ቀድሞ በማየትና በመሸሽ ነው። ዓይኖቹ በግራና በቀኝ ስለተቀመጡ 350 ዲግሪ ገደማ ዙሪያውን ያያል፤ የማያየው ከአፍንጫው ፊት ትንሽ ቦታና በትክክል ከጅራቱ ኋላ ያለውን ነው። አካሄዳችሁን፣ ትከሻችሁ መወጠሩን፣ እስትንፋሳችሁን፣ የት እንደምታዩ ይከታተላል። በእንግሊዝ የተሠሩ ጥናቶችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት ፈረሶች የተቆጣ ሰው ፎቶ ሲያዩ የልብ ምታቸው ከፍ እንደሚልና በግራ ዓይናቸው ማየት እንደሚያዘወትሩ አሳይቷል። በ2018 የወጣው ደግሞ፣ በፎቶ ተቆጥቶ ያዩትን ሰው ከሰዓታት በኋላ በአካል ሲመጣ እንደሚያስታውሱ አሳየ።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። «የፈረስ ልብ የሚያወጣው መግነጢሳዊ ኃይል የሰውን ልብ ይፈውሳል» የሚሉ ማስታወቂያዎች በየቦታው አሉ። በዚህ ላይ ተመሥርታችሁ ሳንቲም አታውጡ። ፈረሱ የሚያየው ሰውነታችሁን ነው። ይህ በራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ተአምር አይጨመርበት።

እሺ፣ ሜዳው ላይ ምን ይሆናል? የመጀመሪያው ቀጠሮ ቢሮ ውስጥ ነው፤ ፈረስ የለም። ባለሙያው ታሪክ ይወስዳል፦ አስም አለ ወይ? የፀጉር ወይም የድርቆሽ አለርጂ? የሚጥል በሽታ? የሚያፈዝ መድኃኒት? ራስን የማጥፋት ሐሳብ? በእንስሳ ላይ ጭካኔ የተፈጸመበት ጊዜ ነበር? እነዚህ ሳይጠየቁ በቀጥታ ወደ ጋጣ የሚወስድ ካለ ተመልሳችሁ ውጡ።

ቀጥሎ የደኅንነት ትምህርት ነው። ጫማ የተሸፈነ ይሁን፤ ነጠላ ጫማ ክልክል ነው፣ ኮቴው እግር ላይ ሲያርፍ አጥንት ይሰብራልና። ገመዱን እጃችሁ ላይ አትጠምጥሙ፤ ፈረሱ ቢደነብር ጣት ይዞ ይሄዳል። ገመዱ በእጅ ላይ እንደ ታጠፈ ጋቢ ተደራርቦ ይያዛል እንጂ አይጠመጠምም። ከፊት ለፊት ሳይሆን በሰያፍ ወደ ትከሻው ቅረቡ። ከኋላው ማለፍ ካለባችሁ ወይ እጃችሁ ጭኑ ላይ ሆኖ ተጠግታችሁ እየተናገራችሁ፣ ወይ ከሦስት ሜትር በላይ ርቃችሁ እለፉ። መካከለኛው ርቀት ነው አደገኛው፤ እርግጫው ሙሉ ጉልበቱን የሚያገኘው እዚያ ነው። አጠገቡ አትንበርከኩ። በእጃችሁ ስኳር ወይም ካሮት አትስጡ፤ ፈረሱ ያን ጊዜ የሚከታተለው ኪሳችሁን ነው፣ መንከስም ይለምዳል። ምላሹ ለምግቡ ከሆነ ደግሞ ለሕክምናው ጥቅም የለውም።

ከዚያ ሥራው ይጀመራል። አንድ ምሳሌ ላቅርብ። ምሳሌው እንዲገባችሁ የተዘጋጀ ነው፤ የማንም ታካሚ ታሪክ አይደለም፣ የታካሚ ምስጢር አይወጣም።

የሃምሳ አምስት ዓመት ሰው አስቡ። ድሮ ወታደር የነበሩ፣ ዛሬ ታክሲ የሚነዱ። ሌሊት አይተኙም፤ ቤት ውስጥ ትንሽ ድምፅ ሲሰሙ ይቆጣሉ። ቢሮ ውስጥ ሲጠየቁ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ይዘጋሉ። አሁን ስፋቱ ከዳር ዳር 18 ሜትር በሆነ ክብ አጥር ውስጥ ናቸው። አንድ ፈረስ በነፃ ቆሟል። ልባብና ገመድ ተሰጣቸው፤ ሥራው «ይህን ልባብ ያጥልቁለት» ብቻ ነው። እንዴት እንደሚጠለቅ ማንም አላሳያቸውም፤ ይህም ሆን ተብሎ ነው።

ሰውየው በቀጥታ፣ በፈጣን እርምጃ፣ ዓይኑን እያዩ ወደ ፊቱ ሄዱ። ፈረሱ አንገቱን ቀጥ አደረገ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ መለሰ፣ ዞሮ ሄደ። እንደገና ሄዱበት፤ እንደገና ሸሸ። በሦስተኛው ቆሙና በረጅሙ ተነፈሱ፤ ትከሻቸው ወረደ። ፈረሱም አንገቱን ዝቅ አደረገ፤ አንድ ጆሮውን ወደ እሳቸው አዞረ።

እዚህ ላይ የፈረስ ባለሙያዋ ምን ትላለች? ይህን አጥብቃችሁ ያዙ! «ፈረሱ ፈራዎት» አትልም። «ፈረሱ ወደደዎት» አትልም። የምትለው ይህን ብቻ ነው፦ «ሲቀርቡ ሁለት ጊዜ ዞሮ ሄደ። ሲቆሙ አንገቱን አወረደ።» ያየችውን ብቻ! ቴራፒስቱ ደግሞ ይጠይቃል፦ «እርስዎ ምን አዩ?» ሰውየው ትንሽ ቆይተው፣ «ልጄም እንዲሁ ነው። እኔ ስገባ ተነሥቶ ክፍሉ ይገባል» አሉ።

ማን ተናገረ? ሰውየው ራሳቸው። ባለሙያው «ይህ ፈረስ ልጅዎን ይመስላል» ብሎ ቢቀድማቸው ኖሮ ትርጉሙ የባለሙያው ይሆን ነበር፤ ሰውየውም በትሕትና «አዎ» ብለው ወደ ቤታቸው ይሄዱ ነበር። የእኛ ሰው ለባለሙያ እንቢ ማለት ይከብደዋል። ስለዚህ በእኛ ማኅበረሰብ ይህ ጥፋት ከሌላው የባሰ ይጎዳል፤ ታካሚው ተስማምቶ ይወጣል፣ ውስጡ ግን አልተነካም።

በዚህ አሠራር የሠለጠኑ ባለሙያዎች አራት ነገር ይከታተላሉ። ለውጥን፦ ፈረሱ ቆሞ ነበር፣ አሁን ሄደ። ድግግሞሽን፦ ሦስቱንም ጊዜ በቀኝ በኩል ነው የሸሸው። ልዩ የሆነውን፦ ሌላ ጊዜ የማያደርገውን ዛሬ አደረገ። አለመጣጣምን፦ ሰውየው «ተረጋግቻለሁ» ይላሉ፣ ጡጫቸው ግን ተጨብጧል። አምስተኛው የባለሙያው የራሱ ጓዝ ነው። አባቱን የተቀየመ ቴራፒስት በየሜዳው አባት ሊያይ ይችላል፤ ያን ለይቶ ማወቅና ለብቻው መያዝ አለበት።

ሌላው ትልቅ ሥራ ወሰን ማስከበር ነው። ፈረሱ ተጠግቶ ሲገፋ፣ ሳይነኩት ወደ ኋላ እንዲሄድ መጠየቅ። በደረጃ ነው የሚጠየቀው፦ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ቆሞ ደረቱን ማየት፣ ካልሰማ ወደ ፊት ዘንበል ማለት፣ ካልሰማ አንድ እርምጃ፣ ካልሰማ ገመዱን መወዝወዝ። ፈረሱ ክብደቱን ትንሽ እንኳ ወደ ኋላ ካዛወረ ወዲያው ማቆም፣ ማረፍ። ምስጢሩ ማቆሙ ላይ ነው። ሰምቶን ሳለ ግፊቱን ከቀጠልን ፈረሱ መስማት ከንቱ መሆኑን ይማራል።

ይህ ለማን ነው የሚጠቅመው? ወይ ዝም ከማለት ወይ ከመጮህ በስተቀር መካከለኛውን ለማያውቅ ሰው። ለዓመታት በአሠሪ ቤት «እሺ» ብቻ ስትል የኖረች፣ በዐረብ አገር ብዙ ያየች እህት፣ እጇን ሳታነሣና ሳትጮህ 450 ኪሎ የሆነ እንስሳ ስትጠይቀው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሲሄድ፣ ሰውነቷ አንድ ነገር ይማራል። ከዚያ ቴራፒስቱ «በቤትሽ፣ በሥራሽ ይህን ርቀት የምትፈልጊው ከማን ነው?» ብሎ ይጠይቃታል። ይህ ጥያቄ ካልተከተለ ግን የፈረስ ሥልጠና ብቻ ሆኖ ይቀራል። ፈረሱ አያክምም ያልኩት ለዚህ ነው!

ስለ አስተርጓሚም አንድ ቃል። አማርኛ የሚናገር ባለሙያ ካልተገኘ አስተርጓሚው አጥሩ ውስጥ በታካሚውና በፈረሱ መካከል መቆም የለበትም፤ ፈረሱ ለእሱ ምላሽ መስጠት ይጀምራልና። ከቴራፒስቱ ጎን ይቁም፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይናገር፣ ታካሚው ዝም ሲል እሱም ዝም ይበል።

ፈረሱስ? የፈረሱን ሁኔታ ሳናይ ስለ ሕክምና ማውራት አንችልም። ጤነኛ ፈረስ ሲያርፍ ልቡ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል። ከሌሎች ፈረሶች ጋር መኖር፣ ቀኑን ሙሉ ሣር መልቀም፣ ሜዳ ላይ መዋል አለበት። ሲጨነቅ የዓይኑ ነጭ ይታያል፣ አፉ ይወጠራል፣ ጅራቱን በኃይል ያማታል፣ መሬት ይቆፍራል። እነዚህ ቢያንስ ይታያሉ። የሚያሳስበኝ ሌላው ነው፦ በሥራ ብዛት ወይም በሕመም ደንዝዞ ማንም ቢነካው፣ ማንም ቢጎትተው ምንም የማይመልስ ፈረስ። ጎብኚ «እንዴት ያለ ረጋ ያለ ፈረስ ነው!» ይላል። አልተረጋጋም፤ ምላሽ መስጠት ትቷል። ምላሽ የሌለው ፈረስ ደግሞ ለዚህ ሕክምና አይሆንም። ፈረሱ ከታካሚው ተነሥቶ የመሄድ ነፃነት ሊኖረው ይገባል፤ ካልፈለገ እንዲቆም ሊገደድ አይገባም።

ሦስተኛው ነጥብ፦ ለማን? ማስረጃው ምን ይላል? እውነቱን እንነጋገር። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ አንድ የጥናቶች ግምገማ በዚህ ዘርፍ የተሠሩት ጥናቶች ደካማ ናቸው፣ ሕክምናው በቂ ማስረጃ የለውም ብሎ ደምድሟል። ከዚያ በኋላ በኒውዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፒቲኤስዲ (ከአሰቃቂ ነገር በኋላ የሚቀር የስሜት ቁስል) ላለባቸው የቀድሞ ወታደሮች ሥርዓት ያለው መመሪያ አዘጋጁ። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለስምንት ሳምንት፣ በየጊዜው 90 ደቂቃ፣ በትንንሽ ቡድን፣ ያለ ግልቢያ። በ2021 የታተመው ውጤት 63 ወታደሮችን ይመለከታል፤ ግማሽ ያህሉ ጉልህ መሻሻል አሳዩ፣ ከሦስት ወር በኋላም መሻሻሉ ቆየ። አቋርጠው የሄዱት ጥቂት ነበሩ። ይህ ለዚህ ሕመም ቀላል ነገር አይደለም፤ በንግግር ሕክምናው ብዙ ሰው ያቋርጣልና። ነገር ግን ጥናቱ ሕክምናውን ካላገኘ ቡድን ጋር አላነጻጸረም። ስለዚህ ተስፋ ሰጪ ነው እንላለን እንጂ ተረጋግጧል አንልም።

በተግባር ምን ማለት ነው? የሐኪም መድኃኒታችሁን ለፈረስ ብላችሁ እንዳታቋርጡ። የተረጋገጡ የንግግር ሕክምናዎች አሉ፤ እነሱ ይቅደሙ። ፈረሱ የሚመጣው በንግግር መግባት ላቃተው፣ ቢሮ ወንበር ላይ ለሚዘጋ፣ ወይም ከሌላው ሕክምና ጎን ለጎን ነው። ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ለሚሰማ፣ ከእውነታ ለራቀ ሰው በዚያ ወቅት አይሆንም። እንስሳ ለሚያሠቃይ ልጅም ያለ ልዩ ዝግጅት አይሆንም።

ብዙ ጊዜ የሚረሳ ሌላ ነገር አለ። ፈረስ ለሁሉም ሰው ደግ ትዝታ አይደለም። ከዳርፉር የመጣ ወንድማችን መንደሩን ያቃጠሉት ታጣቂዎች በፈረስና በግመል ነው የመጡበት። እ.ኤ.አ. በ2015 በቴል አቪቭ ራቢን አደባባይ ቤተ እስራኤል ወጣቶች ዘረኝነትን ተቃውመው ሲወጡ ፖሊስ በፈረስ ነው የገባባቸው። ለእንዲህ ያለ ሰው ኮቴ ሲሰማ ምን እንደሚሆን አስቡ። ባለሙያው በመጀመሪያው ቀን «ፈረስ ለእርስዎ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ታካሚው ከአጥሩ ውጭ 20 ሜትር ርቆ ሊጀምር ይችላል፤ እንቢ ሊልም ይችላል። ማንም አይገፋም።

ሕክምናውን ወደሚሰጥ ቦታ ስልክ ስትደውሉ እነዚህን ጠይቁ። ቴራፒስቱ የግዛቱ ፈቃድ አለው ወይ? የፈረስ ባለሙያ አብሮ ይቆማል ወይ? ፈረሶቹ በቀን ስንት ታካሚ ያያሉ? የአደጋ መድን አላቸው? ክፍያውስ? በአሜሪካ የጤና መድን ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ለቴራፒስቱ የንግግር ሕክምና ነው እንጂ ለፈረሱና ለቦታው አይደለም፤ ልዩነቱን ቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። በአሜሪካ ጦር ያገለገላችሁ ካላችሁ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለዚህ ሥራ ለድርጅቶች የሚሰጠው ድጋፍ አለ፤ በአካባቢያችሁ ድጋፉን ያገኘ ድርጅት እንዳለ ጠይቁ። መጨረሻውንም ጠይቁ፦ ሕክምናው ሲያልቅ ከፈረሱ ጋር ስንብት ይደረጋል ወይ? ወላጁን ያጣ ልጅ የለመደውን ፈረስ ያለ ስንብት በድንገት ቢያጣ ሌላ ሐዘን ጨመርንበት ማለት ነው። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይነገረው፣ የመጨረሻው ቀንም ለስንብት ብቻ ይሁን።

አሁን ወደ ጥያቄ እንለፍ፤ ከመግባታችን በፊት አንድ አስቸኳይ ነገር። ከእናንተ መካከል፣ ወይም በቤታችሁ፣ ራሱን ለመጉዳት የሚያስብ ሰው ካለ ለእሱ ፈረስም ቀጠሮም አይጠበቅለትም። በአሜሪካ ያላችሁ 988 ደውሉ፤ ቀንም ሌሊትም ይሠራል፣ አስተርጓሚ መጠየቅ ትችላላችሁ። ከፕሮግራሙ በኋላም እዚሁ እቆያለሁ፤ በሰው ፊት መናገር የማይፈልግ ካለ ለብቻ እንነጋገራለን። እሺ እናቴ፣ እጅዎን አይቻለሁ፤ ማይክሮፎኑን ስጡልኝ።